የጭነት መኪና ፎግላይትና ፓውዛ፦ ከአገጣጠሙ ጀምሮ ጉም ውስጥ እስከማብራቱ

ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ደሴ መንገድ ያለው ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የብዙ ሹፌር እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ረጅም መብራት ነው። አልታይ ሲለው ጋቢና አናት ላይ የደረደረውን ፓውዛ (ተጨማሪ መብራት) ይጨምራል፣ ያኔ ጭራሽ ፊቱ ላይ ነጭ ጋቢ የተወጠረ ይመስለዋል። ከዛ ደግሞ መብራቴ ደካማ ነው ብሎ ሌላ ፓውዛ ይገዛል። ወንድሜ ችግሩ የመብራት ማነስ አይደለም። ጉም ማለት አየር ላይ የተንጠለጠለ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ነው፣ ብርሃኑ ጠብታው ላይ ያርፍና ተመልሶ አይንህ ውስጥ ይገባል። መብራቱ ለአይንህ በቀረበ ቁጥር የሚመለስብህ ይበዛል፣ ለዚህ ነው ጋቢና ላይ የተሰቀለው ከሁሉም የሚብሰው።

ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሂድበት። መኪናህ ላይ ቀድሞ የተገጠመ ካለ ደረጃ 3ን፣ 5ን እና 7ን ሳታይ እንዳታልፍ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዛ ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛው መብራት ለምን እንደሆነ ለይ

ገበያ ላይ ሁሉንም ፓውዛ ብለው ይሸጡልሃል፣ ግን ሶስት የተለያየ ነገር ነው።

ፎግላይት፦ ብርሃኑ ሰፊና አጭር ነው፣ ከላይ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ያለ መስመር አለው። ከመስመሩ በላይ ጨለማ መሆን አለበት። ስራው የመንገዱን ጠርዝና ከፊትህ ያለውን ጥቂት ሜትር ማሳየት ብቻ ነው፣ ሩቅ አያሳይም፣ እንዲያሳይም አትጠብቅ።

የሩቅ ፓውዛ፦ ጠባብና ረጅም ጨረር። ረጅም መብራትህን የሚያግዝ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት፣ ባዶ መንገድ ላይ እንጂ ጉም ውስጥ ጠላትህ ነው።

የስራ መብራት፦ ስትጭን፣ ስታወርድ፣ ጎማ ስትቀይር የምታበራው፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚበተን። እየነዳህ ማብራት የለብህም። በተለይ ከኋላ የተገጠመው ነጭ መብራት በርቶ ከሄድክ ከኋላህ ያለው ሰው ወደሱ የሚመጣ መኪና ነው የሚመስለው።

ስትገዛ እንዲህ አድርግ። ሱቁ ውስጥ አስበራውና ሁለት ሜትር ራቅ ካለ ግድግዳ ላይ አብራ። ከላይ ቀጥ ያለ መስመር ካልታየህ፣ ዝም ብሎ ክብ ሆኖ የሚበተን ከሆነ፣ ካርቶኑ ላይ ምንም ይጻፍ ምን ፎግላይት አይደለም፣ ተወው።

ቢጫ ይሻላል ወይስ ነጭ የሚለው ክርክር አያልቅም። የጉም ጠብታ ትልቅ ስለሆነ ቢጫውንም ነጩንም እኩል ነው የሚመልሰው። ቢጫው አይን ላይ ለስለስ ስለሚል እኔ ቢጫ እመርጣለሁ፣ ግን ዋናው የጨረሩ ቅርጽና የተገጠመበት ቦታ ነው። ሰማያዊ የሚያደላውን፣ 6000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ምናምን የተባለውን ግን ለጉም አትግዛ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለሃሎጂን አምፖል የተሰራ ቤት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል አትክተት። ብርሃኑ የሚወጣበት ነጥብ ስለሚቀየር ያ የላይኛው መስመር ይጠፋል፣ ወደላይ ይበተናል። ኤልኢዲ ከፈለግክ ከነቤቱ ኤልኢዲ ሆኖ የተሰራውን ግዛ።

ደረጃ 2፦ ቮልቱን ለካ፣ ዕቃውን አሟላ

ሲኖትራክና ኤፍኤስአር የሚባሉት የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪ በተከታታይ ተያይዞ ማለት ነው። ሌላ መኪና ከሆነ በግምት አትሂድ፣ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) አምጥተህ ለካ። አሜሪካ ትራክ የምትነዱ ደግሞ የናንተ 12 ቮልት ነው፣ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን የአምፔር ስሌት በእጥፍ ውሰዱት።

የኤልኢዲው ጀርባ ላይ ከ10 እስከ 30 ቮልት የሚል ካለ ለሁለቱም ይሰራል። የሃሎጂን አምፖል ግን የግድ 24 ቮልት የተጻፈበት መሆን አለበት።

እዚህ ጋ ብዙ ባትሪ የሚገደልበት ዘዴ አለና ላንሳው። ባለ 12 ቮልት ፓውዛ በርካሽ ያገኘ ሰው ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ ይጠልፍና ያበራዋል። ይሰራል፣ ያበራል፣ ጥሩ ይመስላል። ግን ዲናሞው ሁለቱን ባትሪ የሚሞላው እንደ አንድ ቆጥሮ ነው። የተጠለፈው እየጎደለ ይሄዳል፣ ያልተጠለፈው ከልክ በላይ ይሞላና ውሃው ይፈላል። በመጨረሻ ሁለቱንም ትጥላለህ። ርካሹ ፓውዛ ሁለት ባትሪ አስከፈለህ ማለት ነው። እንዳታደርገው!

የሚያስፈልግህ፦
- አንድ ጥንድ ፎግላይት፣ ሁለቱም አንድ አይነት
- ባለ 24 ቮልት ሪሌ (ከማብሪያው በሚመጣ ትንሽ ጉልበት ትልቁን ጉልበት የሚያገናኝ ዕቃ)፣ አራት እግር ያለው (12 ቮልቱን ካስገባህ ይቃጠላል)
- ፊውዝ ከነቤቱ
- የመኪና ሽቦ፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው
- ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሲበራ የራሱ ትንሽ መብራት የሚያሳይ
- የሽቦ ጫፍ መቆንጠጫዎች፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ሽቦ የሚገባበት ጎማ ቱቦ

የቤት መብራት ሽቦ አትጠቀም። አንድ ወፍራም ነጠላ መዳብ ያለው ነው፣ ንዝረት አይችልም፣ ኮረኮንች ላይ ውስጥ ለውስጥ ይበጠስና ላዩ ደህና መስሎ ቀኑን ሙሉ ጥፋቱን ስትፈልግ ትውላለህ።

ስሌቱ ቀላል ነው፣ ዋቱን ለቮልቱ አካፍል። ሁለት ባለ 70 ዋት አምፖል 140 ዋት ነው፣ ለ24 ሲካፈል 6 አምፔር ገደማ። ስለዚህ 10 አምፔር ፊውዝ። "እንዳይቃጠልብኝ" ብለህ 30 አምፔር ከከተትክ ፊውዙ ሳይሆን ሽቦው ነው የሚቃጠለው።

ደረጃ 3፦ ቦታው

ፎግላይት ከታች፣ ፓራውልቱ (የፊት መከላከያው) ላይ ነው የሚገጠመው። በቃ። ጋቢና ላይ አይደለም፣ ስፖኪዮ (የጎን መስታወት) ስር አይደለም።

የተባበሩት መንግሥታት የመኪና መብራት ደንብ ቁጥር 48 የፊት ፎግላይት ከመሬት ከ25 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ ይላል፣ ለከባድ ጭነት መኪና ደግሞ ከ120 እንዳይበልጥ፣ ከአጭር መብራቱ በላይም እንዳይሆን ይላል። ከጎን በኩል ከመኪናው ጠርዝ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። እኔ ለኛ መንገድ የምመክረው ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር መሃል ነው። ከዛ ካነሰ ኮረኮንች ላይ ድንጋይ ይሰብረዋል፣ ከዛ ከበዛ ደግሞ ከጉሙ ስር የመግባት ጥቅሙ ይቀንሳል።

1. የሁለቱንም ከፍታ ከመሬት በሜትር ለካ፣ በአይን አትመን፣ ፓራውልቱ ራሱ የተጣመመ ሊሆን ይችላል።
2. የማያያዣው ብረት ወፍራም ይሁን። በእጅህ ስትነቀንቀው የሚወዛወዝ ከሆነ ሲነዳ ብርሃኑ ይደንሳል፣ አይንህን ያደክማል።
3. ብሎኑ ላይ ዳዶ ብቻ ሳይሆን እንዳይፈታ የሚይዝ ሮንደላም ክተት።
4. መብራቱን ገልብጠህ አትስቀል። ይሄን ብዙ ሰው አያየውም። የመብራቱ ቤት ከታች በኩል እርጥበት የሚያስወጣ ትንሽ ቀዳዳ አለው፣ ገልብጠህ ከፓራውልቱ ስር ካንጠለጠልከው ቀዳዳው ወደላይ ይሆንና በክረምት ውሃ ይሞላል። መገልበጥ ግዴታ ከሆነብህ ቀዳዳ በሁለቱም በኩል ያለውን ወይም ለዛ የተሰራውን ግዛ።

የሩቅ ፓውዛም ቢሆን ፓራውልት ላይ ወይም ከመስታወቱ በታች ቢሆን እመርጣለሁ። አናት ላይ ሲሆን ዝናብ ሲዘንብ ጠብታው ከመስታወቱ ፊት እያበራ ያሳውርሃል።

ደረጃ 4፦ ሽቦው

ይሄ ለአውቶ ኤሌክትሪሻን የሚተው ስራ ነው ካልክ ተወው፣ ግን ከጎኑ ቆመህ እንዲህ መስራቱን እይ። በጣም ብዙ መኪና ላይ የማየው ከባትሪ በቀጥታ ወደ ማብሪያ፣ ከማብሪያ ወደ መብራት ነው፣ ያለ ሪሌ ያለ ፊውዝ። ሙሉው ጉልበት በዳሽቦርዱ ማብሪያ ውስጥ ያልፋል፣ ማብሪያው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዛ በኋላ ምን እንደሚከተል ታውቃለህ።

1. ሞተር አጥፋ፣ ቁልፍ አውጣ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ መጀመሪያ ፍታ። ስትጨርስም መጨረሻ የሚታሰረው እሱ ነው።
2. ሙሉው 24 ካለበት ፖዘቲቭ ሽቦ አውጣና ከባትሪው ሳይርቅ፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ፣ ፊውዙን ግጠም። ሩቅ ካስቀመጥከው ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም።
3. ከፊውዙ ወደ ሪሌው 30 የተጻፈበት እግር።
4. ከሪሌው 87 ወደ ሁለቱ መብራቶች።
5. 85 ወደ ማሳ (ኔጋቲቭ ወደሆነው የመኪናው ብረት)። የመብራቶቹም ኔጋቲቭ እንደዛው ወደ ማሳ። ቀለም ላይ አትሰር፣ ብረቱ እስኪያበራ በሸካራ ወረቀት ፋቀው፣ ካሰርክ በኋላ ቅባት ቀባው እንዳይዝግ።
6. 86 ወደ ማብሪያው። ማብሪያው ጉልበት የሚያገኘው ከትንሿ መብራት፣ ከፓርኪንጉ ሽቦ ይሁን። እንዲህ ከሆነ መብራት ስታጠፋ ፎግላይቱም አብሮ ይጠፋል፣ ጠዋት ባትሪ ሞቶ አታገኘውም።

የሩቅ ፓውዛው ሌላ ሪሌ፣ ሌላ ፊውዝ፣ ሌላ ማብሪያ ይኑረው። ከፎግላይቱ ጋር አንድ ማብሪያ ላይ አታስራቸው፣ ይሄን ካደረግክ ሁለቱንም አበላሸኻቸው። ፓውዛው የሚበራው ረጅም መብራት ሲበራ ብቻ መሆን አለበት፣ ከፊት መኪና ሲመጣ አንድ እጅህን አነቃንቀህ ስትቀንስ ሁሉም አብሮ እንዲቀንስ። ሁለት ማብሪያ እየፈለግክ እስክታጠፋ ሰውየው ታውሮ አልፏል፣ ወይም አላለፈም።

የረጅሙን ምልክት ከየት ትወስዳለህ? የጃፓን መኪኖች ብዙዎቹ መብራቱን የሚያቋርጡት በፖዘቲቩ ሳይሆን በኔጋቲቩ በኩል ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ከረጅሙ ሽቦ ጠልፎ 86 ላይ፣ 85ን ማሳ ላይ ማድረግ ላይሰራ ይችላል፣ ወይም ደግሞ ፓውዛው በተቃራኒው አጭር መብራት ላይ ይበራብሃል። መፍትሄው የሪሌውን 85 እና 86 በረጅሙ አምፖል ሁለት ጫፎች ላይ ማሰር ነው፣ አንዱ ሶስት እግር ባለው ሶኬት የጋራው እግር ላይ፣ ሌላው የረጅሙ እግር ላይ። ማብሪያህ ከሁለቱ በአንዱ ሽቦ መሃል ይግባ። እንዲህ ሲሆን መኪናው በየትኛውም በኩል ቢያቋርጥ ይሰራል። ሪሌው ውስጡ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) የሌለው መሆኑን ብቻ አረጋግጥ።

ሽቦው የሚያልፍበት መንገድ፦ ጋቢናቸው ወደፊት የሚታጠፍ መኪኖች ላይ ሽቦው መታጠፊያው ጋ ትርፍ ይኑረው። ለመጨረስ ቸኩሎ ወጥሮ ያሰረው ሰው ሜካኒክ ጋቢናውን ሲያነሳ በጣጥሶት ያገኘዋል። ማሰሪያውን ከማጥበቅህ በፊት ጋቢናውን ሙሉ አንሳና እይ፣ መልሰህ አውርድና እይ፣ የትም አለመቆንጠጡን ካየህ በኋላ እሰር። ከጭስ ማውጫውና ከሚሽከረከር ነገር አርቀው፣ ብረት ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ቱቦ አልብሰው።

የሃሎጂን አምፖል ስትከት መስታወቱን በጣትህ አትንካ። የጣት ቅባት ያለበት ቦታ ይግልና ቶሎ ይቃጠላል። ከነካኸው በአልኮል ጥረገው።

ደረጃ 5፦ ማነጣጠር

ያለዚህ ደረጃ እስካሁን የሰራኸው በሙሉ ከንቱ ነው። ጋራዥ በር ላይ ቆሞ "አዎ በርቷል" ማለት ማነጣጠር አይደለም።

1. ጠፍጣፋ መሬትና ግድግዳ ፈልግ፣ የነዳጅ ማደያ ግቢ ሲመሽ ይሆናል፣ አስፈቅድ።
2. መኪናውን እንደምትነዳው አድርገህ አቁም። ብዙ ጊዜ ጭነህ የምትሄድ ከሆነ ተጭኖ ይለካ፣ ከኋላ ሲጫን አፍንጫው ወደላይ ይነሳል፣ ባዶውን ያስተካከልከው ፎግላይት ሲጫን የሰው አይን ውስጥ ይገባል። የጎማ ንፋስም እኩል ይሁን።
3. ከመብራቱ እስከ ግድግዳው ልክ 10 ሜትር ይሁን፣ በሜትር።
4. የመብራቱን መሃል ከመሬት ለካ። 80 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል።
5. ግድግዳው ላይ ከዛ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገህ፣ 60 ላይ ማለት ነው፣ ረጅም ፕላስተር በአግድም ለጥፍ።
6. ፎግላይት ብቻ አብራ። የብርሃኑ የላይኛው መስመር ፕላስተሩ ላይ እስኪያርፍ አስተካክል። አንዱን ስታስተካክል ሌላውን በካርቶን ሸፍን፣ አለበለዚያ የየትኛው እንደሆነ ይምታታብሃል።
7. መስመሩ አግድም ይሁን፣ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ቤቱን አዙር።
8. አጥብቅና እንደገና እይ፣ ብሎን ሲጠብቅ ሁሌም ትንሽ ይነቃነቃል።

የሩቅ ፓውዛው ቀጥ ብሎ ወደፊት ይይ፣ የብርሃኑ ደማቅ መሃል ከራሱ ከፍታ 5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ይበቃል።

ከጎንደር መስመርም ሆነ ከጅቡቲ ስትመለስ፣ በተለይ ኮረኮንች ከነዳህ በኋላ፣ ይሄን እንደገና እይ።

ደረጃ 6፦ ጉሙ ጋ ከመድረስህ በፊት

ወደ ደሴ የምትወርድ ከሆነ ደብረ ብርሃን ላይ ቁም፣ ጣርማ በር ደርሰህ አይደለም። አምስት ደቂቃ ነው።

- የሁሉንም መብራት መስታወት በውሃ እጠብ። በደረቅ ጨርቅ አትሽ፣ አሸዋው ይጭረዋል፣ የተጫረ መስታወት ብርሃን ይበትናል።
- የኋላውን አትርሳ። ተሳቢው ላይ ያለው ቀይ መብራት ጭቃ ሸፍኖት ከሆነ ጉም ውስጥ ከኋላህ ለሚመጣው የለህም። ረዳትህ ከኋላ ቆሞ ፍሬንና ፍሬቻ ይይልህ፣ አንጸባራቂዎቹንም ይጥረግ።
- የፊት መስታወቱን ከውስጥም ጥረግ። ግማሹ ጉም የምንለው እኮ የራሳችን ትንፋሽ ነው። ሙቅ ንፋስ ወደ መስታወት ልቀቅ፣ መስኮት በጣት ያህል ክፈት።
- የዳሽቦርዱንና የጋቢናውን ውስጥ መብራት ቀንስ። ጋቢናው ውስጥ ያስጌጥከው ባለቀለም መብራት ሁሉ ይጥፋ።

ደረጃ 7፦ ጉም ውስጥ

ቅደም ተከተሉን ጠብቅ።

1. መጀመሪያ ፍጥነት። ጉሙ ውስጥ ገብተህ ሳይሆን ከፊትህ ሲታይህ ቀንስ፣ ቀስ ብለህ፣ ከኋላህ ያለው እንዲያይህ ፍሬኑን ነካ ነካ አድርግ።
2. ረጅሙን ቀንስ። ፓውዛው አብሮ መጥፋቱን እይ።
3. ፎግላይት አብራ።
4. ከኋላ ቀይ ፎግላይት ያለው መኪና ከሆነ እሱንም አብራ፣ ጉሙ ሲገፈፍ ግን ወዲያው አጥፋ፣ ጥርት ባለ አየር ላይ የኋለኛውን ሰው በጣም ያቃጥላል።
5. ሬዲዮ ዝጋ፣ መስኮት ትንሽ ዝቅ አድርግ። ጉም ውስጥ ክላክስና የሞተር ድምፅ ከመብራት ቀድሞ የሚደርስበት ጊዜ አለ።
6. አይንህን የመንገዱ ቀኝ ጠርዝ ላይ አድርግ። የመሃሉን መስመር ተከትለህ አትሂድ፣ ከፊት የሚመጣውም እሱኑ ተከትሎ ነው የሚመጣው።

ጉሙ በጣም ከወፈረ አጭር መብራቱም መመለስ ይጀምራል። ያኔ ቁም፣ አጭሩን ወደ ፓርኪንግ አውርደህ ፎግላይቱን ብቻ አስቀርተህ ሞክረው። የኋላው ቀይ መብራት መብራቱን ግን አረጋግጥ። ከበፊቱ የተሻለ ከታየህ እንደዛው ሂድ፣ ካልተሻለ መልሰው። ሽቦውን ከፓርኪንግ መብራት ውሰድ ያልኩህ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ፍጥነትህን የሚወስነው የምታየው ርቀት እንጂ የፎግላይትህ ዋጋ አይደለም። በ40 ስትነዳ በሴኮንድ 11 ሜትር ትሄዳለህ። አይተህ እግርህ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢወስድ ገና ሳትይዝ ወደ 17 ሜትር አለቀ፣ በ60 ከሆነ 25 ሜትር። የንፋስ ፍሬን ደግሞ እስኪይዝ ራሱ ይዘገያል፣ መንገዱ እርጥብና ቁልቁለት ከሆነ ሌላ ነው። ተሳቢ ያለው መኪና 18 ሜትር ገደማ ስለሚረዝም በሱ ለካ፦ ከፊትህ የሚታይህ የራስህን መኪና አንድ ርዝመት ብቻ ከሆነ ከ20 በላይ አትሂድ፣ ባይሆን መውጫ ፈልግ።

የማትሰራቸው፦

የፊተኛውን መኪና ቀይ መብራት ተከትለህ አትለጠፍ። መንገዱ የታየህ ይመስልሃል፣ ግን እሱ ያየውን ነው የምታምነው፣ እሱ ደግሞ የሌላውን እየተከተለ ይሆናል።

አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ መንዳት ልማድ ሆኗል። በእግር ፍጥነት ዳገት እየወጣህ ከሆነ ይገባኛል። ከዛ ውጪ ግን ወደ የት እንደምትታጠፍ አያሳይም፣ ከኋላ የሚመጣውም የቆምክ ይመስለዋል ወይም በተቃራኒው የቆመውን የሚሄድ ይመስለዋል። ለቆመ መኪና ተወው።

ጣርማ በር ዋሻው ጋ ደግሞ ተጠንቀቅ፣ በአንዱ በኩል ጥርት ብሎ በሌላው በኩል ጉም ሊጠብቅህ ይችላል። ዋሻው ውስጥ ረጅም አብርተህ እንደዛው አትውጣ። ከዛ በኋላ ወደ ደብረ ሲና ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፣ ማርሹን ከላይ ቀንሰህ ጀምር።

ደረጃ 8፦ አቧራና ጥርት ያለ ሌሊት

አቧራ እንደ ጉም ነው፣ ያው ህግ ይሰራበታል፣ ረጅሙን አጥፋ፣ ፎግላይት አብራ፣ ከፊትህ ካለው መኪና ራቅ።

የሩቅ ፓውዛ ዋጋውን የሚመልሰው አፋር ውስጥ ነው፣ ከአዋሽ ወደ ሚሌና ጋላፊ ያለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ። ግመል አጭር መብራት ውስጥ ሲገባ የሚታይህ እግሩ ብቻ ነው፣ ቀጫጭን ቡናማ እንጨት ነው የሚመስለው፣ ሰውነቱ ከብርሃኑ በላይ ጨለማ ውስጥ ነው። ጋቢናህ ቁመት ላይ ያለው ደግሞ እሱ ሰውነቱ ነው። ስለዚህ ባዶ መንገድ ሲሆን ረጅሙን ከነፓውዛው ተጠቀም፣ አንዱን ግመል ካየህ ደግሞ ሌላም አለ ብለህ ቀንስ።

የሚመጣ መኪና መብራቱን እስክታየው አትጠብቅ፣ ከኮረብታው ጀርባ ጭላንጭሉን እንዳየህ ቀንስ። እሱ ካልቀነሰ አንዴ ብልጭ አድርግለት፣ ያኔም እምቢ ካለ አንተ በፓውዛ አትመልስለት፣ ሁለት የታወሩ ሹፌሮች ፊት ለፊት ምን ይጠቅማሉ። ፍጥነት ቀንስና አይንህን ወደ ቀኝ ጠርዝ አውርድ።

ደረጃ 9፦ ሲበላሽ

ሪሌው "ቀጭ" ይላል፣ መብራት የለም፦ ምልክቱ ደርሷል ማለት ነው። ፊውዙን እይ፣ 30 ላይ 24 መኖሩን በቴስተር ለካ፣ ከዛ 87ን። ሁለቱም ካሉ ጥፋቱ ከሪሌው በኋላ ነው፣ ሽቦው፣ አምፖሉ ወይም የመብራቱ ማሳ።

ምንም ድምፅ የለም፦ የማብሪያው፣ የ85 ማሳ ወይም የሪሌው የራሱ ጥፋት ነው።

ደብዝዞ ወደ ቀይ ያደላል፦ ሞተር እየሰራ ባትሪው ላይ ለካ፣ ከዛ መብራቱ ሶኬት ላይ ለካ። ልዩነቱ ከ1 ቮልት ከበለጠ ሽቦው ቀጭን ነው ወይ የሆነ መጋጠሚያ ዝጓል።

አምፖል ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል፦ ሞተር አስነስተህ ባትሪው ላይ ለካ። 28 አካባቢ ጤነኛ ነው። 30 ከደረሰ ጥፋቱ የዲናሞው ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) ነው፣ አምፖል በመቀየር አይቆምም፣ ባትሪውንም ይጨርሰዋል።

ፊውዝ ይቃጠላል፦ ትልቅ ፊውዝ አትክተት፣ በሽቦም አትጠቅልለው። መጀመሪያ የጋቢና መታጠፊያውን እይ፣ ቀጥሎ ብረት ቀዳዳ ያለፈበትን፣ የተላጠ ታገኛለህ።

ኤልኢዲው ሲበራ ሬዲዮ ይንጫጫል፦ ርካሽ ኤልኢዲ ነው፣ ሽቦውን ከአንቴናው አርቅ፣ ካልተሻለ ቀይረው።

ውስጡ ላብ ይዟል፦ ቀጭን ጉም ብቻ ከሆነ ሲበራ ይደርቃል። ውሃ ከቋጠረ ግን የታችኛው ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኗል፣ በቀጭን ሽቦ ክፈተው።

ጉም መሃል ላይ ሁሉም ድርግም አለ፦ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ፍሬን በደረቁ አትርገጥ፣ አራቱንም ፍሬቻ ሞክር፣ ብዙ ጊዜ የራሱ ፊውዝ ስላለው ይሰራል። እየቀነስክ ወደ ቀኝ ሙሉ በሙሉ ከአስፋልቱ ውጣ፣ ጎማ ግማሽ አስፋልት ላይ አይቅር። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማ ስር ታኮ ክተት። ረዳትህ ሶስት ማዕዘኑንና የእጅ ባትሪ ይዞ በመንገዱ ጠርዝ ውጪ ወደኋላ ይሂድ፣ ከኩርባ በኋላ ከቆምክ ከኩርባው በፊት ያስቀምጠው። ሶስት ማዕዘን ኖረም አልኖረም ድንጋይ መደርደር የለመድነው ነገር ነው፣ ግን ድንጋይ ጉም ውስጥ አይታይም፣ ስትሄድ ደግሞ እዛው ይቀራል። ጋቢና ውስጥ ሆነህ ፊውዝ አትፈልግ፣ ሁለታችሁም ከመኪናው ራቅ ብላችሁ ጉሙ ሳሳ እስኪል ጠብቁ፣ ከዛ ከባትሪው ጀምረህ ዋናውን ፊውዝ እይ።